ጨዋ፣ ንጹሕ፣ ስልክ የማታበዛ

የቤት ሠራተኛ የሚፈልግ ሰው ለደላላ የሚያወርደውን ዝርዝር አንድ ቀን ጆሮ ሰጥታችሁ ስሙት። «ጨዋ ትሁን። ንጹሕ ትሁን። ወጥ የምትችል፣ እንጀራ የማይበላሽባት። ልጅ የምትወድ፣ የራሷ ልጅ ግን የሌላት። ፈሪሃ እግዚአብሔር ያላት፤ ታዲያ ኪዳን፣ ቅዳሴ እያለች በየጠዋቱ የማትጠፋ። ከገጠር የመጣች ብትሆን እመርጣለሁ፤ በማሽን ማጠብ ግን ትወቅ። ዘመድ የማይበዛባት፣ ተያዥ ያላት። ስልክ የማታበዛ፣ ስደውልላት ግን ወዲያው የምታነሣ።» ደላላው ይህን ሁሉ ሰምቶ ለአፍታም አያመነታም። «አለች» ይላል። ደላላ የለም ማለት የሚጀምረው ኮሚሽኑን ከተቀበለ በኋላ ነው።

ዝርዝሩ ረዘመ ብዬ አልከስም። ሰው ቤቱን ከፍቶ ባዳ ሲያስገባ ቢጠነቀቅ አይፈረድበትም። እኔን የሚገርመኝ በዚያ ሁሉ ዝርዝር ውስጥ ስለ ቤቱ አንድም ቃል አለመኖሩ ነው። ስንት ክፍል ነው? ስንት ሰው ይኖርበታል? ምንጣፍ አለው? ውሃ በየትኛው ቀን ይመጣል? የሚጠይቅም የሚናገርም የለም። ስንቀጥር የምንቀጥረው ጠባይ ነው፤ በሳምንቱ የምንጣላው ግን አልጋ ሥር በተገኘ አቧራ ነው።

አዳሪ ሠራተኛን ለጊዜው እንተዋት፤ የእሷ ጉዳይ በአንድ ወግ የሚያልቅ አይደለም። የማወራው ስለ ተመላላሽ ነው፤ ጠዋት በታክሲ መጥታ፣ ሠርታ፣ ከሰዓት በኋላ ወደ ልጆቿ ስለምትመለሰዋ። እኛ ቤት ሮብና ቅዳሜ የምትመጣ አለች። እታለም እንላታለን። በዕድሜ ታላቄ ሆና ሳለ እኔን ጋሼ ትለኛለች። ነገሩ ስለከበደኝ አንድ ሰሞን «ወንድሜ በይኝ» ብያት «እሺ ጋሼ» ብላኛለች።

አሁን አንድ ሒሳብ እንሥራ። ሒሳቡ የእኛ ብሎክ ነው፤ እያንዳንዱን ቤት አልጠቅስም፣ ነገ ደረጃ ላይ እንገናኛለን። ሠራተኛዋ ጠዋት ሁለት ሰዓት ትገባለች፣ ስምንት ሰዓት ላይ ትወጣለች። ስድስት ሰዓት አላት። መጀመሪያ የአራት ሰው የሳምንት ልብስ በእጅ ይታጠባል፤ መዘፍዘፍ፣ ማሸት፣ ማለቅለቅ፣ መጭመቅ፣ ደረጃውን ወርዶ ማስጣት። ይህ ሁለት ሰዓት ተኩል ይበላል፤ ጂንስ ከበዛ ሦስትም ይሞላል። ቀጥሎ ሠላሳ እንጀራ ይጋገራል። ምጣዱ እስኪግል ያለውን ብንተወው እንኳ አንዱ እንጀራ ከማስፋት እስከ ማውጣት ሦስት ደቂቃ ቢፈጅ አንድ ሰዓት ተኩል ሄደ፤ ያውም መብራት ካልጠፋ። ከዚያ እመቤቲቱ «ቡና ብቻ አፍልተሽልን» ትላለች። ያቺ «ብቻ» ማጠብን፣ መቁላትን፣ መውቀጥን፣ ከአቦል እስከ በረካ መቅዳትን፣ ሲኒ ማጠብን ትይዛለች፤ አንድ ሰዓት በሏት። ደምሩት፤ አምስት ሰዓት ነው። በቀረችው አንድ ሰዓት ሳሎን፣ ሁለት መኝታ ቤት፣ ኩሽናና መታጠቢያ ቤት ይጸዳሉ ተብሎ ይጠበቃል። ማታ እመቤቲቱ ከሥራ ትገባለች፤ ቦርሳዋን ሳታስቀምጥ ጣቷን በቴሌቪዥኑ አናት ላይ ታሳልፋለች፤ ጣቷን ታየዋለች፤ ከዚያ ለባሏ ታሳየዋለች። «አይ ሠራተኛ!»

ሒሳቡን ሳየው የደረስኩበት ይህ ነው፦ በስድስት ሰዓት ውስጥ ቤት ማጽዳትና አንድ ከባድ ሥራ ይገባሉ። ወይ ልብስ፣ ወይ እንጀራ። ሦስተኛ ሲጨመር የሚጎድለው ሁልጊዜ ጽዳቱ ነው፤ ምክንያቱም ያልተጋገረ እንጀራ እራት ላይ ይታወቃል፣ ያልተጠረገ የቁምሳጥን ጀርባ ግን ቤት እስክንለቅ ላይታወቅ ይችላል። ማንም ሰው ቢሆን ሰዓት ሲያጥረው የሚዘለው የማይታየውን ነው። የመሥሪያ ቤት ሪፖርት ጽፎ የሚያውቅ ሰው ይህን ለመረዳት አይቸግረውም።

ደግሞ አቧራው። ዝናቡ አቁሞ ጥቅምት ሲጠባ የአዲስ አበባ አቧራ ሥራ ይጀምራል፤ በየሰፈሩ መንገድ ሲቆፈር ትርፍ ሰዓትም ይሠራል። ጠዋት የተወለወለ ጠረጴዛ ላይ ማታ በጣት ስም ከነአባት መጻፍ ይቻላል። ይኼኛው አቧራ የማን ነው? የሮብ ሠራተኛ የምትጠየቀው በሮብ አቧራ ነው፤ የሐሙሱ የከተማው ነው።

ውሃም አለ። በፈረቃ በሚመጣበት ሰፈር ሮብ የምትመጣ ሠራተኛና ሐሙስ የሚመጣ ውሃ ዓመቱን ሙሉ ሳይተያዩ ሊያልፉ ይችላሉ። ሮቶ ያለው ቤት ተመስገን ይበል። የሌለው ጀሪካን ይቀጥራል፤ ማለትም ጀሪካኑን የምትሸከመዋን ይቀጥራል። ሃያ ሊትር ውሃ ሃያ ኪሎ ነው፤ ብዙው ኮንዶሚኒየም ደግሞ አራት ፎቅ ሆኖ አሳንሰር የለውም። አራተኛ ፎቅ ላይ ሆኖ «ምነው መታጠቢያ ቤቱ በደንብ አልታጠበም?» የሚል ሰው አንድ ጀሪካን ብቻ ራሱ አውጥቶ ይሞክረውና ከዚያ እንነጋገር። እኛ ቤት የእታለም ቀን ሮብ የሆነው በሌላ ምክንያት አይደለም፤ ማክሰኞ ሌሊት ውሃ ስለሚመጣ ነው። ቧንቧው ቀኑን ሲቀይር እሷም ትቀይራለች።

መሣሪያውንም እንየው። አብዛኛው ቤት ለቴሌቪዥን የሚያወጣውን ያህል ባይሆንም ለመጋረጃ አይሰስትም፤ ለመወልወያ ግን እጁ ይያዛል። መወልወያ ጨርቅ ተብሎ የሚሰጠው ያረጀ ቲሸርት ነው፤ በእኛ ሰፈር ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ የታላቁ ሩጫ ነው። ያ ቲሸርት ኅዳር ላይ አሥር ኪሎ ሜትር ሮጦ ከገባ በኋላ ቀሪ ዕድሜውን ወለል ላይ ሲሮጥ ይኖራል። ባለ እጀታውን መወልወያ የገዛንም ብንሆን በልባችን አንወደውም። ሠራተኛዋ ቀጥ ብላ ቆማ ስትወለውል እየቀለደች ይመስለናል፤ ተንበርክካ በእጇ ካላሸችው ወለሉ የጸዳ አይመስለንም። የምንከፍለው ለንጽሕናው ነው ወይስ ለጉብጠቱ? ይህን ጥያቄ አንድ ዘመዴ ቤት አንሥቼው ምሳ ሳይቀርብልኝ ቀርቶ ነበር።

ከዓረብ አገር የተመለሱ ሴቶች ይህ ነገር ግርም ይላቸዋል። ቤይሩት ወይም ሪያድ ብዙ መከራ አይተው የመጡ አሉ፤ የሚያወሩትን መስማት ያማል። ቢሆንም በእጃቸው የነበረው መሣሪያ መሣሪያ ነበር፦ አቧራ የሚስብ ማሽን፣ ለመስታወት የራሱ፣ ለእንጨት የራሱ፣ ለሽንት ቤት የራሱ ፈሳሽ። እዚህ ሲመጡ ደላላው «ዓረብ አገር የሠራች» ብሎ ዋጋቸውን ከፍ ያደርግና፣ ቀጣሪዋ አንድ ቁራጭ ሳሙናና ያንኑ ቲሸርት ትሰጣቸዋለች። ለመስታወት ደግሞ ጋዜጣ ነበር። ጋዜጣ መስታወት ሲያበራ የሚተካከለው የለም። አሁን ሁላችንም ዜና የምናነበው ቴሌግራም ላይ ስለሆነ በየቤቱ ጋዜጣ ጠፍቶ የመስኮቱም ወዝ አብሮ ሄደ።

ከመሣሪያው ሁሉ የማያስቀው በረኪና ነው። ሱቅ ላይ የሚሸጥልን ብዙ ጊዜ በሃይላንድ ተሞልቶ ነው፤ ወረቀት አልተለጠፈበት፣ ስም የለው፣ ውሃ ይመስላል። ከጎኑ ሽንት ቤት የምናጥብበት አሲድ ይቀመጣል። ሁለቱ አንድ ላይ ቢፈሱ ጽዳቱ እጥፍ የሚሆን የሚመስላቸው ሰዎች አሉ፤ እንዲያ አድርጊ ብለው ያዝዛሉም። በረኪናና አሲድ ሲገናኙ የሚወጣው ክሎሪን ጋዝ ነው፤ በአንደኛው የዓለም ጦርነት፣ በ1915 እ.ኤ.አ.፣ ኢፕር ላይ በምሽግ ውስጥ ያሉ ወታደሮችን የፈጀው ያው ጋዝ። መስኮቱ ከመጽሐፍ በማይሰፋ መታጠቢያ ቤት ውስጥ በር ዘግታ ለምትሠራ ሴት ይህን አለመንገር በቸልታ የሚታለፍ ነገር አይደለም። ጠርሙሱ ላይ በእስክሪብቶ «በረኪና» ብሎ መጻፍና ሁለቱን አትቀላቅዪ ማለት ምንም አያስወጣም።

ወደ ቀላሉ ልመለስ። እታለም ሄዳ ቤት ስንገባ ሁሉ ነገር ያበራል፤ ችግሩ ሁሉ ነገር ቦታውን መልቀቁ ነው። ብፌው ላይ ያለው የሸክላ ዝሆን ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሯል። የቴሌቪዥኑ ሪሞት ረከቦቱ ውስጥ ነው። መጻሕፍቴ በቁመት ተደርድረዋል፤ ባለ ሁለት ቅጹ ታሪክ ሁለተኛው ቅጽ አጭር ስለሆነ ከጸሎት መጽሐፎቹ ጋር ሄዷል። ጨው የነበረበት ስኳር አለ። ባለቤቴ ይህን ስታይ ትበሳጫለች፤ እኔ ደግሞ አንድ ነገር አስተውያለሁ፦ ዕቃው ከቦታው ያልተነቃነቀ ቀን ከሥሩም አልተጠረገም። ተነሥቶ የተጸዳ ዕቃ የሆነ ቦታ መቀመጥ አለበት፤ የት እንደነበር ማስታወስ ደግሞ የእኛም ሥራ ነው። ሳሎኑ ውስጥ የተበተነውን የልጆች መጫወቻ፣ ካልሲ፣ የስልክ ገመድና የኪራይ ደረሰኝ የት እንደምታስገባው ሳይነገራት «አስተካክዪው» የተባለች ሴት ፍርዷን ነው የምትሰጠው። ፍርዷ ደግሞ «ሁሉም ወደ መሳቢያ» ነው። ሜሪላንድ ያለችው እህቴ የጽዳት ሠራተኛ በሁለት ሳምንት አንዴ ታስመጣለች፤ ሴትዮዋ ኩሽናና መታጠቢያ ቤቱን አጽድታ፣ ወለሉን ወልውላ፣ በሰዓቷ ትወጣለች። ሳህን አታጥብም፤ ስላልተባለች። ወለል ላይ ያለ ዕቃ አታነሣም፤ ስላልተባለች። ስለዚህ እህቴ ከዋዜማው ማታ ጀምራ ዕቃ ታነሣለች። እናቴ ይህን በስልክ ሰምታ «ታዲያ ማን ማንን ነው የቀጠረው?» ብላለች።

ሰበራን በተመለከተ፣ የማይነካ ዕቃ አይሰበርም። ሠራተኛ ያለበት ቤት በዓመት አንድ ሁለት ብርጭቆ እንደሚሄድበት ቀድሞ ቢያስብ ነርቩ ይድናል። መጠበቅ ያለብን እንዳትሰብር ሳይሆን ስትሰብር እንድትነግረን ነው፤ የምትነግረን ደግሞ ካልጮኽን ነው። ከስድስት ብርጭቆ አንዱ ሲሰበር «ሰርቪሱ ጎደለ» ተብሎ የስድስቱ ዋጋ ከደመወዝ ሲቆረጥ አይቻለሁ። የቀሩትን አምስቱን ይዛ ትሂድ ያለ ግን አላየሁም።

ከአሠሪዎች አፍ የማይጠፋ አንድ አባባል አለ፤ «እንደ ቤትሽ ቁጠሪው»። በመጀመሪያው ቀን በፈገግታ ይነገራል። ሴትዮዋ ቃሉን ብትፈጽመውስ? እንደ ቤቷ ብትቆጥረው ጫማዋን አውልቃ ሶፋው ላይ ጋደም ትላለች። ፍሪጅ ከፍታ የተረፈውን ዶሮ ታሞቃለች። የሚሰለቻትን ክፍል ለነገ ታሳድራለች፤ ሰው በገዛ ቤቱ ቁምሳጥን ጀርባ በየሳምንቱ አይጠርግምና። እኛ የምንፈልገው በድካም ጊዜ እንደ ቤቷ፣ በዕረፍት ጊዜ እንደ ሰው ቤት እንድትቆጥረው ነው። «እንደ ልጄ ነው የማያት» የሚሉም አሉ። ልጆቻቸውን አውቃቸዋለሁ። የጠጡበትን ብርጭቆ እንኳ ከጠረጴዛ አያነሡም።

ቤተሰብ ነሽ የሚለው ወሬ የወለደው ነገር ቀላል አይደለም። የአሠሪና ሠራተኛ ሕጋችን ራሱ ቤት ውስጥ ሲደርስ ጫማውን አውልቆ በር ላይ ይቆማል። በ1996 የወጣው አዋጅም ሆነ እሱን የተካው አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ትርፍ የሌለውን የግል አገልግሎት ቅጥር ከሽፋናቸው አውጥተው፣ የሚኒስትሮች ምክር ቤት በሚያወጣው ደንብ ይታያል ብለው አሳድረውታል። ወደ ኋላ ሄደን የ1952ቱን የፍትሐ ብሔር ሕግ ብናገላብጥ ከአሠሪው ጋር ስለሚኖር የቤት ሠራተኛ ጥሩ ቃል እናገኛለን፤ ማደሪያው፣ ምግቡ፣ የሥራና የዕረፍት ሰዓቱ ጤናውንና ሞራሉን በሚጠብቅ መልኩ እንዲሆን አሠሪው እንዲጠነቀቅ ያዝዛል። ያቺ አንቀጽ የተጻፈችው ግን ቤት ለሚያድረው ነው፤ እታለም ደግሞ ስምንት ሰዓት ላይ ታክሲ ትይዛለች። የዓለም ሥራ ድርጅት በ2011 እ.ኤ.አ. ጄኔቭ ላይ ለቤት ሠራተኞች የራሳቸውን ስምምነት፣ ቁጥር 189ን፣ አጽድቋል፤ እኛ ደረጃ ላይ የሚወራው ግን ስለ ጄኔቭ አይደለም፣ «የአራት ቁጥሯ ስንት ትከፍላለች?» ነው። ስለዚህ የሚበጀው በመጀመሪያው ቀን አፍ አውጥቶ መነጋገር ነው፤ የትኛው ክፍል፣ የትኛው ሥራ፣ ስንት ሰዓት፣ ስንት ብር፣ ብትታመምስ፣ በዓል ሲሆንስ። ደላላው ፊት ስለ ጠባይ የጠፋው ግማሽ ሰዓት ለዚህ በቂ ነው።

ጠባይን በፈተና እናገኛለን የሚሉም አሉ። አንዲት ጎረቤታችን አዲስ ሠራተኛ ስትገባ መቶ ብር ከሶፋ ትራስ ሥር ትደብቃለች፤ ስታጸዳ ካገኘችና ከመለሰች ታማኝ፣ ካልመለሰች ሌባ። አንዴ ብሩ ጠፋ። ልጅቷ አለቀሰች፣ ማለች፣ ተገዘተች፤ ተያዥዋ ተጠራ። ማታ ባልየው ገብቶ ነገሩን ሲሰማ ቀዝቀዝ ብሎ «የእኔ መስሎኝ ነዳጅ ሞላሁበት» አለ። ልጅቷ በነጋታው ጓዟን ይዛ ሄደች፤ ፈተናውን የወደቀው ግን እስከዛሬ እዚያው ቤት ይኖራል። ለነገሩ የዚያ ብር መገኘት የሚመሰክረው ከትራስ ሥር መጠረጉን ብቻ ነበር፤ ያም ትልቅ ነገር ነው።

በዓልስ? ፋሲካ ሲቃረብ ከተማው በሙሉ ቤቱን ይገለብጣል፤ መጋረጃ ይወርዳል፣ ምንጣፍ በረንዳ ላይ ይደበደባል፣ አቧራው የታችኛው ቤት ጎረቤት በታጠበ ልብስ ላይ ያርፋል። በዚያው ሳምንት እታለም የራሷ መጋረጃ አላት፤ የምትጋግረው ዳቦ፣ የምትጠብቀው ዶሮ አላት። «ለቅዳሜ ስዑር ሙሉ ቀን ነይልኝ» የሚሏት ሰባት ቤቶች አሉ። የቀደመ ያገኛታል። እኛ ከሆሳዕና በፊት እንቀጥራታለን፤ ከዚያ በኋላ የሚመጣውን አቧራ ለበዓሉ እንግዶች እንተወዋለን።

አንድ ቅዳሜ ቡና እየጠጣን ከቀጣሪ ምን እንደምትጠብቅ ጠየቅኳት። ማንም ጠይቋት የሚያውቅ አይመስለኝም፤ ሲኒዋን አስቀምጣ አሰበች። «ውሃ ይኑር» አለች። «ዕቃ ማንሣቱ የእናንተ፣ ማጽዳቱ የእኔ።» ቀጠለች፤ «ቆማችሁ አትዩኝ። የሚያይ ሰው ያለበት ቤት ሥራው እጥፍ ነው፤ እጄም ይሳሳታል።» ትንሽ ቆይታ ድምፅዋን ዝቅ ሳታደርግ «ወሩ ሲሞላ ሳልጠይቅ ይሰጠኝ፤ እየጠየቅሁ የምቀበለው ገንዘብ የልመና ይመስለኛል» አለች። ስለ ጠባያችን ምንም አላለችም።

ዱሮ ወር ሲሞላ የአባወራው መሸሻ «ዝርዝር የለኝም» ነበር። ቴሌብር በ2013 ሥራ ሲጀምር ያቺ መሸሻ ተዘጋች፤ በምትኳ «ኔትወርክ የለም» ተተካች። ባለፈው ወር መጨረሻ ግን በእውነት ጠፋ። ስልኬን ይዤ ከበረንዳ ወደ በር፣ ከበር ወደ መስኮት ብል አንዲት ዘንግ እንኳ የለችም። እታለም ነጠላዋን አጣፍታ፣ ቦርሳዋን ይዛ በሩ አጠገብ ቆማለች። ለቅዳሜ ብናስተላልፈውስ ልላት አፌን ስከፍት «ግድ የለም ጋሼ፣ እስኪመጣ እጠብቃለሁ» ብላ ሄዳ ሶፋው ላይ ተቀመጠች፤ ጠዋት ራሷ ያራገፈችውን ትራስ ከጀርባዋ አድርጋ። እኔ ሻይ ልጥድ ወደ ኩሽና ገባሁ።

«ስኳሩን እዚያ እንዳትፈልገው ጋሼ» አለችኝ ከሳሎን፤ «ወደ ላይኛው መደርደሪያ አዛውሬዋለሁ።»